ጥፋቱ የደረጃው ነው

በየሰፈሩ ሰው ሲሳሳት ሰውየውን ትቶ ዕቃውን የሚከስ አንድ ሰው አይጠፋም። ግንባር ከበር ቢጋጭ በሩን፣ ሻይ ቢደፋ ብርጭቆውን። ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት አያ ሙሉሰው ናቸው፤ የድንጋይና የእንጨት ሁሉ ዐቃቤ ሕግ።

የደብሩ ዲያቆን በላቸው ክሳቸው ስለሚያሰለቸው ሲያያቸው መንገድ ይቀይር ነበር። ሰው ከባጃጅ ሲወርድ ቢደናቀፍ፣ "አንተ ምን አደረግህ?" ይሉና ጎንበስ ብለው ባጃጁን ይመረምራሉ። በደብሩ አዳራሽ ደጃፍ ካለው ደረጃ አንዱ እርከን ከሌሎቹ ከፍ ይላል። "እግር የለመደውን ነው የሚረግጥ፤ ጥፋቱ የደረጃው ነው" እያሉ ለዓመታት ከሰውታል። ደረጃው ግን እስካሁን አልተፈረደበትም።

አንድ የክረምት ከሰዓት ሰማዩ ጠቁሮ አዳራሹ ጨለመ። የሰበካ ጉባኤው ሊሰበሰብ ነው። የድምፅ ማጉያው ኃላፊ በላቸው መብራት ሊያበራ ግድግዳውን ዳበሰ። የመብራቱና የውጭው ማጉያ ማብሪያዎች እንደ መንታ ጎን ለጎን ናቸው። አንዱን ተጫነ፤ አልበራም። ሌላውን ተጫነ፤ በራ። የመጀመሪያውን መልሶ ማጥፋቱን ረሳው። ማይክራፎኑ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ የሊቀመንበሩን የቄስ ወልደ ገብርኤልን ድምፅ ሰማ፦ "ያ ሙሉሰው ደግሞ ደረጃው ይጠገን ብሎ መጣ። ጥገናስ ለእሱ ጭንቅላት ነበር።" ሳቁም ጥርት ብሎ ተሰማ።

በማግስቱ በላቸው ሊሰናበት ወደ አዳራሹ ተጠራ። ሥራው ከቀረ በደብሩ ግቢ ያለችው ማደሪያውም ትቀራለች። አያ ሙሉሰው ሲገቡ ሊያስፈርዱበት የመጡ መስሎት አንገቱን ደፋ።

"አባ፣ የኔን ስድብ እንተወው" አሉ። "ልጁን ምነው ታባርራላችሁ? ነገ ሌላ ብታመጡ የሱም ጣት በጨለማ አያይ።"

"እና ግድግዳውን እናባርር?" አሉ ቄሱ።

አያ ሙሉሰው ከኪሳቸው የጧፍ ቁራጭ አወጡ። በጣታቸው አለዝበው የማጉያው ማብሪያ ላይ ለጠፉት። "እስቲ ዐይንዎን ጨፍነው ይዳብሱ።"

ቄሱ ጨፍነው ዳበሱ። ጣታቸው እብጠቱን ሲነካ ወደ ኋላ አለ። "ልጁ ይቆይ" አሉ።

አያ ሙሉሰው ክስ እንደረታ ሰው ቀና ብለው ወጡና ከዚያው እርከን ላይ ተሰናከሉ። በላቸው ክንዳቸውን ያዘ።

"ይኼስ የኔ ጥፋት ነው፤ ዐውቀው የለ?" ብለው አፍረው አጉረመረሙ።

"እርስዎ ምን አደረጉ፣ አያ?" አለ በላቸው፤ ጎንበስ ብሎም ደረጃውን ይመረምር ጀመር።