በጥናት ላይ ያለ ወንዝ

ባዘዘው በጂኦግራፊ የሦስተኛ ዲግሪ እጩ ነው። የሚማረው አርባ ምንጭ በሚገኘው የሁለቱ ሐይቆች የድኅረ ምረቃ ኢንስቲትዩት ሲሆን ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። ትምህርቱ የአራት ዓመት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ያለቁት በርዕስ ነው፤ አጭር ነው እየተባለ ሦስት ጊዜ ተመልሶበታል። በአራተኛው «በጋሞ ደጋማ አካባቢ የእግረኛ መሻገሪያ አለመኖር በገበያ ተደራሽነት ላይ የሚያሳድረው ቦታዊ ተጽዕኖ፤ የአንዲት ቀበሌ ተሞክሮ» ብሎ ሲያቀርብ አማካሪው ዶክተር ጥዑመልሳን ከመቀመጫቸው ተነስተው ጨበጡት።

ሰኔ ላይ መጠይቁን በላስቲክ ጠቅልሎ ወደ ጨንቻ ወጣ። ቀበሌዋ ከጨንቻ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ተሂዶ፣ ከወንዝ ማዶ ናት። ወንዙ ድልድይ የለውም። ባዘዘው የመጣው ይህንኑ ሊያጠና ስለሆነ ድልድይ በማጣቱ ደስ አለው። ጫማውን አውልቆ ገባ። መሃል ላይ የረገጠው ድንጋይ ከዳውና ከነመጠይቁ ውሃው ውስጥ ተቀመጠ።

አቶ ኦይታ የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ረጅም ዱላ ዘርግተው አወጡት። የተደነቁ አይመስሉም።

«ለሁለተኛ ዲግሪ ነው ለሦስተኛ?» ሲሉ ጠየቁት።

«ለሦስተኛ» አለ ባዘዘው ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

«ልክ ነው። ሁለተኛዎቹ በታች በኩል ነው የሚወድቁት።»

ቤት ወስደው ጋቢ አለበሱት። ባለቤታቸው እማማ ጌጤ ቆጮ በዳጣ አቀረቡለት፤ ስምንተኛው አጥኚ መሆኑንም ነገሩት። ሲሞቀው መጠይቁን ዘረጋ።

«እማማ ጌጤ፣ የድልድይ አለመኖር በዕለት ተዕለት ኑሮዎ ላይ…»

«በጣም እስማማለሁ።»

«ገና አልጨረስኩም እኮ።»

«ጨርስ ልጄ። እኔ ጨርሻለሁ።»

«እሺ፤ የደረሰብዎትን ጉዳት ከአንድ እስከ አምስት ባለው ቁጥር ይግለጹልኝ።»

እማማ ጌጤ አሰቡ። «አምና ክረምት ሁለት ጆንያ አፕል ከነአህያው ውሃ ወሰደብኝ። አህያው ወጣ። አፕሉ አባያ ሐይቅ ገብቷል። ይኼ ስንት ነው?»

«አምስት።»

«ያለፈው አጥኚም አምስት ነው ያለኝ፤ ያኔ ግን የሄደው አንድ ጆንያ ነበር። እስካሁን ስድስት አልወጣም?»

አልወጣም።

ባዘዘው ሦስት ሳምንት ተቀምጦ መቶ ሃያ መጠይቅ ሞላ። በመጨረሻው ቀን ከጥናት ውጭ የሆነ ጥያቄ መጣበት። «ጋሽ ኦይታ፣ ይኼ ሁሉ ባሕር ዛፍ እያላችሁ ለምን ሁለት ሦስቱን ቆርጣችሁ አትጥሉበትም?»

አቶ ኦይታ እጁን ይዘው ወደ ወንዙ ወሰዱት። ቁጥቋጦውን ገለጥ ሲያደርጉ የዛገ ሰሌዳ ብቅ አለ፦ «ይህ ቦታ በጥናት ላይ ስለሆነ መንካት በጥብቅ ክልክል ነው።»

«የመጀመሪያው አጥኚ ሲመጣ የተተከለ ነው» አሉ። «ጥለን ነበር እኮ። አንድ ኃላፊ መጣና፣ ጥናቱ ሳያልቅ ከሠራችሁ መረጃው ይበላሻል ብሎ እንጨቱን አስነሳን። እሱ ሳይጨርስ ሁለተኛው መጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ።»

«ታዲያ ጥናቱ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«እሱን አንተን ልጠይቅህ ብዬ አፍሬ ነው።»

የባዘዘው ፊት ቀላ። ከደብተሩ አንድ ገጽ ገነጠለና «ጥናቱ ተጠናቋል» ብሎ ጽፎ ፈረመበት። ማኅተም የለኝም ብሎ ይቅርታ ሲጠይቅ አቶ ኦይታ አጽናኑት፤ ቀበሌው ማኅተም ነበረው፣ ያጣው የሚታተምበትን ወረቀት ነበር። ይህን ሲያደርግ ባዘዘው አማካሪውን አላማከረም። ጥፋቱ ይኸው ነው።

በሚያዝያ ጥናቱን የሚከላከልበት ቀን ደረሰ። አቶ ኦይታና እማማ ጌጤ በክብር ተጠርተው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ከአዲስ አበባ የመጡት የውጭ ፈታኝ ፕሮፌሰር ሰይፈሥላሴ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ድልድይ አለመኖሩን በምን አረጋገጥክ?»

«ወንዙ ውስጥ ወድቄ።»

«ስንት ጊዜ?»

«አንድ ጊዜ።»

«ናሙናው አነስተኛ ነው» አሉና መዘገቡ።

ሌላው ሁሉ በሰላም አለፈ። በመጨረሻ ከተሳታፊዎች አስተያየት ያለው እንዳለ ሲጠየቅ አቶ ኦይታ ተነሱ።

«እኛ ያለን ምስጋና ነው። ይህ ልጅ በሰጠን ወረቀት ድልድዩን በአራት ቀን ሠራነው። ዛሬም በሱ ተሻግረን ነው የመጣነው።»

ባዘዘው ድልድዩ መሠራቱን አልሰማም ነበር። ከመድረኩ ዘሎ ወርዶ አቀፋቸው። አዳራሹ አጨበጨበ። ያላጨበጨቡት ፈታኞቹ ብቻ ናቸው።

«ድልድይ አለ?» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ እሳት ተነሳ እንደተባለ ሰው።

«አለ። አህያም ይሻገራል» አሉ እማማ ጌጤ።

«እንግዲያው ችግሩ የለም። ችግሩ ከሌለ የችግሩ መግለጫ ሐሰት ነው። ምዕራፍ አንድ ፈረሰ ማለት ነው። ምዕራፍ አንድ ከፈረሰ ምዕራፍ ሁለት ምን ላይ ይቆማል?»

ዶክተር ጥዑመልሳን ለተማሪያቸው ሊሟገቱ ተነሱ። «ፕሮፌሰር፣ መፍትሔ አይጠፋም። ድልድዩ እስከ ምረቃው ለጊዜው ቢነሳስ?»

«ምን ያህል ጊዜ ነው?»

«ሁለት ወር ቢሆን ነው።»

እማማ ጌጤ ብድግ አሉ። «ከፈለጋችሁ አምስቱን አንድ አድርጉት! ድልድዬን ግን አትነኩም!»

ሁሉም ወደ ባዘዘው ዞረ። ስድስት ዓመት ቀላል አይደለም። እናቱ ጎንደር ላይ ሆነው ካለፈው ዓመት ጀምሮ «ዶክተሩ ልጄ» ይሉታል። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዲግሪው ይቅር» አለ። «ድልድዩ አይነሳም።»

ፈታኞቹ ለምክክር ወጡ። አርባ ደቂቃ ቆዩ። ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል።

«እጩው በከፍተኛ ማዕረግ አልፏል» ሲሉ ፕሮፌሰሩ አነበቡ። «አንዲት ትንሽ ማስተካከያ ብቻ አለች፤ ድልድዩ በጥናቱ ውስጥ እንዳይጠቀስ።»

«ግን ፕሮፌሰር፣ ሰው በየቀኑ ይሻገርበታል» አለ ባዘዘው።

«ይሻገር! ማን ከለከለ? አንተ ብቻ እንዳታሻግረው።»

ባዘዘው እንዲፈርምበት የተዘረጋለትን ወረቀት ይዞ አቶ ኦይታን አየ። «ፈርም ልጄ» አሉት፤ «እኛ ወረቀቱ ላይ አይደለም የምንኖረው።» ፈረመ፤ እማማ ጌጤም እልል አሉ።

የዶክተር ባዘዘው ጥናት ጥራዙ አምሮ ለሚመለከታቸው አካላት ሁሉ ተሰራጨ። ባለፈው ወርም ውጤት አመጣ። ስድስት ባለሙያዎች ያሉበት ቡድን የጥናቱን ግኝት ሊያረጋግጥ ወደ ቀበሌዋ ወጣ። ቡድኑ በድልድዩ ተሻግሮ ቦታውን ተዘዋውሮ ጎበኘ፣ ድልድይ አለመኖሩን በቃለ ጉባኤ አረጋገጠ፣ በድልድዩም ተመለሰ።