ሳይረጭ የሚቀረው መደብ

አንድን ነገር «መድኃኒት ነው» ለማለት ስንት ሰው ሳይድን መቅረት አለበት? ይህን ጥያቄ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ይዤው እዞራለሁ። ጮክ ብዬ ግን ጠይቄው አላውቅም፤ ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ፣ ቆቦ መውረድ ሲገባኝ ዋጃ የደረስኩ ሰው ነኝ።

ሥራዬ ሻጋታ ነው። አትሳቁ። ተምችን የሚገድል ሻጋታ አለ፤ ትሉ ላይ ያርፍና ውስጡ ያድጋል። ትሉም እንደተጠራ ሁሉ ወደ በቆሎው ጫፍ ይወጣና፣ ራሱን ቀና አድርጎ ነጭ ሆኖ ይደርቃል፤ ከደረቀውም ሻጋታው ወደ ሌላው ይዛመታል። ያን ሁሉ ነጫጭ ትል በቀትር ሰማይ ሰማይ ሲያይ ያገኘ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ይህ ነገር ሱቅ እንዲገባ መመዝገብ አለበት። መመሪያው ደግሞ ሁለት መደብ ይፈልጋል፤ አንዱ የተረጨ፣ ሌላው ምንም ያልነካው። ሁለተኛው ሲበላ ቆሞ ማየት ነው። አልፈርድበትም፤ ሕያው ነገር አንዴ ከተለቀቀ «ተመለስ» ቢሉት አይሰማም። ብቻ መመሪያውን የጻፈው ሰው ራያ ውስጥ ጎረቤት አልነበረውም።

የተረጨው መደብ የጋሽ ሰይድ፣ ያልተረጨው የጎረቤታቸው የእትዬ ዘይነባ ሆነ። አንድ ቀትር ከእትዬ ዘይነባ በቆሎ መሀል ሾ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዝናብ መስሎኝ ቀና አልኩ። ደመና የለም። ትሎቹ እያኘኩ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስ ድምፁ ጠፍቷል። ያልተረጨው መደብ ላይ ትሎቹ ነጭ ሆነው፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ደርቀዋል። ወደ ጋሽ ሰይድ ሄድኩ።

«ጋሽ ሰይድ፣ እዚያ የገባ ሰው አለ?»

«ምን ልበልሽ ልጄ፣» አሉ መሬት መሬት እያዩ፤ «የሞተውን ትል በጣሳ ለቅሜ እሷ ማሳ በተንኩት። የጎረቤት እህል ዓይኔ እያየ ሲበላ ምን ልሁን?»

«መመሪያው አይፈቅድማ።»

«ጉርብትናውስ ይፈቅዳል?»

እትዬ ዘይነባ ከአጥሩ ማዶ ሳቁ። «አብሽሪ! ቁጣሽም እንደ ድምፅሽ ነው፤ አይሰማም።»

ውጤቱን እንዳለ ላክሁ። መልሱ ከመዝጋቢው ቢሮ መጣ፦ በተረጨውና ባልተረጨው መካከል ልዩነት ስላልታየ ምዝገባው አልተፈቀደም። መድኃኒቱ ሠራ፤ በመሥራቱም ወደቀ። ሱቅ ባለመግባቱ ደግሞ ዘንድሮ የስንቱ በቆሎ እንደሚታኘክ አላህ ይወቀው።

እኔም ቆረጥኩ። ሙከራው ይደገማል፤ ሳይረጭ የሚቀረው መደብ ግን ጎብዬ በኩል ያለው የአባቴ ማሳ ነው። አጠገቡ የማንም እርሻ የለም። ያንን ድምፅ ብቻዬን ተቀምጬ እሰማዋለሁ።

ጋሽ ሰይድ ማሳው የት እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል። ላልነግራቸው ወስኛለሁ።