አጎቴ ደንስታን እና አሥራ አምስተኛው ጥያቄ

እሑድ፣ ማርች 27 ቀን 2011። የሕዝብ ቆጠራ ዕለት። አጎቴ ደንስታን ክራብትሪ የቆጠራውን ቅጽ በጥቁር ቀለም፣ በዚያ ቀጥ ባለ የባቡር ሠራተኛ ጽሕፈታቸው ሞልተውታል። የመኝታ ክፍሉ ብዛት፣ የማሞቂያው ዓይነት፣ ሁሉም በየቦታው አለ። የቀረው አሥራ አምስተኛው ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ብሔራዊ ማንነትዎን እንዴት ይገልጹታል?» ከሥሩ ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ እንግሊዛዊ፣ ዌልሳዊ፣ ስኮትላንዳዊ፣ ሰሜን አየርላንዳዊ፣ ብሪታንያዊ። አንዱም አልተነካም።

ማክሰኞ ጠዋት አጎቴ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። እሑድ በሕይወት ነበሩና መቆጠራቸው ግድ ነው፤ ቅጹን ጨርሶ መላኩ ለእኔ ለእህታቸው ልጅ ደረሰ። እኔ ደግሞ በሙያዬ የአውራጃው ቤተ መዛግብት ሠራተኛ ነኝ። ባዶ ሳጥን እንቅልፍ ይነሳኛል። በውሸት የተሞላ ሳጥን ይብስብኛል።

እንግሊዝ ውስጥ ኖሮ እንዲህ ያለውን ሰው የማያውቅ የለም። በየመንደሩ አንድ አለ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ባቡር መዘግየት፣ ወተት ከሻይ በፊት ይግባ ወይስ በኋላ በሚለው ላይ ቁርጥ ያለ አቋም አለው፤ «አንተ ምንድን ነህ?» ሲሉት ግን ኮቱን ፈልጎ ይወጣል። ክቡር አጎቴ፣ ጡረተኛው የባቡር ምልክት ሰጪ፣ የሁለት ማንነቶች ባለሙሉ ሥልጣን አምባሳደር፣ የዚህ ወገን አለቃ ነበሩ። «እንግሊዛዊ ነዎት ወይስ ብሪታንያዊ?» ሲባሉ መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ጠያቂው ማነው?»

ስፔን ለሽርሽር በሄድን ጊዜ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ «ዜግነት?» አለቻቸው።

«ጠያቂዋ ማነሽ?»

«እኔማ የሆቴሉ ሠራተኛ ነኛ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው በሕግ ብሪታንያዊ፣ በልማድ እንግሊዛዊ፣ እስከ ቅዳሜ ደግሞ እንግዳ ብለሽ ጻፊ።»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከኋላችን ከተሰለፉት ሃያ ሁለት ያገራችን ሰዎች ሁለቱ የራሳቸውን መልስ ማሰላሰል ጀመሩ።

ነገሩን ያከበደው ጋብቻቸው ነው። ባለቤታቸው አክስቴ ኢሽቤል ስኮትላንዳዊት ነበረች፤ ስትጠየቅ ደግሞ ዓይኗን አታሽም። የምንኖረው ከቤሪክ ከተማ በስተ ደቡብ፣ ከስኮትላንድ ድንበር በእግር ግማሽ ቀን በማይሞላ ርቀት ላይ ስለሆነ ጠቡ ሩቅ ሳይሄድ ሳሎን ድረስ ይመጣላቸው ነበር። በበረዶ ላይ ድንጋይ እያንሸራተቱ የሚጫወቱት የስኮትላንድ ሴቶች በብሪታንያ ስም ተሰልፈው በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኙ ጊዜ አጎቴ ከሶፋው ዘለው ተነሡ።

«አሸነፍን!»

«ቅዳሜ በራግቢ ስትረግጡን እንግሊዛዊ ነበርክ» አለች አክስቴ፣ ከሹራቧ ቀና ሳትል።

«ነበርኩ።»

«ዛሬ እኛ ስናሸንፍ ብሪታንያዊ ሆንክ።»

«ሆንኩ።»

«አንተ ሰውዬ፣ መቼ ነው የምትሸነፈው?»

አጎቴ ይህን እንደ ምስጋና ወስደውት ለሳምንት ያህል ለሰው ሲያወሩት ሰነበቱ።

ግቢያቸው ውስጥ የባንዲራ ምሰሶ አለ። በኤፕሪሉ የጊዮርጊስ ቀን የእሳቸው፣ የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ይወጣል፤ በኖቬምበሩ የእንድርያስ ቀን የእሷ፣ የስኮትላንድ ነጭ መስቀል በሰማያዊው ላይ። በሠርጋቸው ቀን ግን ሁለቱን አንድ ላይ የያዘው የብሪታንያ ባንዲራ ነው የሚሰቀለው። ይህ ባንዲራ ላይና ታች አለው፤ በምሰሶው በኩል ሰፊው ነጭ መስመር ከላይ መዋል አለበት። ተገልብጦ ከተሰቀለ «ድረሱልኝ» ማለት ነው። መርከበኞች ይህን ያውቃሉ፣ አጎቴም ያውቁ ነበር። የቀረው ያገሬ ሰው ግን በየበዓሉ በኩራት ገልብጦ ይሰቅለዋል።

ስለዚህ በየበዓሉ አጎቴ በር ያንኳኳሉ። መጠጥ ቤቱን አንኳኩተዋል፣ ትምህርት ቤቱን አንኳኩተዋል፣ ሠርግ ላይ ሙሽራውን ከጠረጴዛ አስነሥተዋል። አንድ ጊዜ ቄሱን ቅዳሴ ሊገቡ ሲሉ በር ላይ ያዟቸው።

«ይቅርታ አባ፣ ቤተ ክርስቲያንዎ እየሰጠመ ነው።»

ቄሱ ደንግጠው ሽቅብ አንጋጠጡ። «ጣሪያው ነው?»

«ባንዲራው ነው።»

መሰላሉን ያመጡት ቄሱ ናቸው። የወጡበት አጎቴ።

አክስቴ ኢሽቤል በጁን 2006 ሞተች። በቀብሯ ማግስት በአጎቴ ምሰሶ ላይ የብሪታንያው ባንዲራ ተሰቅሎ ታየ። ተገልብጦ።

መንደሩ ሠላሳ ዓመት ሲጠብቀው የኖረው ቀን ነበር። እስከ ምሳ ሰዓት አሥራ ሰባት ሰው በሩን አንኳኳ፤ የምከፍተው እኔ ስለነበርኩ ቁጥሩ ትክክል ነው። መጀመሪያ የደረሱት ቄሱ ናቸው፣ መሰላላቸውን ተሸክመው።

«ደንስታን፣ መቼም ይህን እኔ ለእርስዎ መንገሬ...»

«አውቃለሁ» አሉ አጎቴ።

«ተገልብጧል እኮ።»

«አውቃለሁ፣ አባ።»

ቄሱ ባንዲራውን አዩ፣ አጎቴን አዩ። መሰላሉን አጥሩ ላይ አስደገፉና ገብተው ሻይ ጠጡ። የቀሩት አሥራ ስድስቱም ሊያርሙ መጥተው ሻይ ጠጡ። በዚያ ሳሎን ስለ ሐዘን አንድ ቃል አልተነገረም። ስለ ነጩ መስመር ስፋት ግን እስኪመሽ ተወራ። ማታ አጎቴ ባንዲራውን አውርደው ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቱት፤ አምስት ዓመት አልወጣም።

ወደ እሑዱ ልመለስ። ከሰዓት በኋላ ደወሉልኝ።

«ሮዌና፣ አሥራ አምስተኛውን አይተሽዋል?»

«የሚስማማዎትን ሁሉ ምልክት ያድርጉ ነው የሚለው፣ አጎቴ። ሁለቱንም ያድርጓ።»

«ሁለቱንም! ሁለቱንም የሚል ሰው ሻይ ውስጥ ቡና ይጨምራል።»

«እንግዲያው እንግሊዛዊ ይበሉና ይገላገሉ።»

«እንግሊዛዊ ካልኩ እሷ የት ትገባለች?» አሉኝ፤ ወዲያውም ድንቹ እያረረ ነው ብለው ስልኩን ዘጉት። አጎቴ በሕይወታቸው ድንች አሳርረው አያውቁም።

ቅጹ ላይ አሥራ ሰባተኛ ቁጥር አለ። ለዌልስ ሰዎች የተዘጋጀ ጥያቄ ስለነበረ፣ በእኛ ቅጽ ቁጥሩ ብቻ ቀርቶ «ይህ ጥያቄ ሆን ተብሎ ባዶ የተተወ ነው» ይላል። መልስ የማይፈልግ ጥያቄ ቁጥር ሰጥቶ የሚያትም መንግሥት ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም። አጎቴ የጻፉት እዚያ ላይ ነው፦ «ከባለቤቴ ጋር ብሪታንያዊ ነበርኩ። ለብቻዬ ግን»

አራት ነጥብ የለውም።

ረቡዕ እስክሪብቶዬን ብሪታንያዊ በሚለው ሳጥን ላይ አንዣብቤ ተቀምጬ ሳለ የመንደሩ ልብስ ሰፊ ወይዘሮ ማቪስ ቶርንቢ ለልቅሶ መጣች።

«ባንዲራቸው ጫፉ ተተርትሮ ነበር፤ ሰፋሁላቸው» አለችኝ። «ትልቁን፣ የብሪታንያውን። ለሠርጋቸው ቀን ፈልገውት ነው። ሰኞ ሲወስዱ ደብተሬ ላይ የማን ብዬ ልጻፍ ብላቸው...»

«ጠያቂው ማነው አሉሽ» አልኳት።

«ኧረ የለም። 'የኔና የኢሽቤል በይው' አሉኝ። እኔማ ደነገጥኩ። አመማቸው እንዴ አልኩ።»

እስክሪብቶዬን ከደንኩት። ቆጠራው የሚጠይቀው ስለ እሑድ ነው፤ መልሱ የመጣው ሰኞ። እሑድ ዕለት አጎቴ «ለብቻዬ ግን» ላይ ነበሩ፤ የመዝገብ ሰው ደግሞ የሰኞን መልስ በእሑድ ቀን አይጽፍም። አሥራ አምስተኛውን ባዶ፣ አሥራ ሰባተኛውን እንዳለ ትቼ ፖስታ ቤት አስገባሁት። የቆጠራ ቅጽ መቶ ዓመት ታሽጎ ነው የሚቀመጠው፤ ያኔ የሚከፍተው አንድ ባልደረባዬ ይናደድ ይሆናል። የጎደለችውን የሰኞ መዝገብ ለእሱ እዚህ አስቀምጥለታለሁ።

ሰኞ፣ ማርች 28 ቀን 2011። ደንስታን ክራብትሪ ከወይዘሮ ቶርንቢ ዘንድ የተሰፋ ባንዲራ ተቀበሉ። ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግተው ገመድ ማሰሪያው በሰፊው ነጭ መስመር በኩል በትክክል መሰፋቱን አዩ። አራት አጥፈው፣ ዝናብ ስለነበር ኮታቸው ውስጥ ይዘውት ወደ ቤት ሄዱ።