ከፈተናው የቀደመ ሹመት

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? አራስ የተኛችበት ይመስላል። ሬዲዮ ይዘጋል፤ ጎረቤት በሹክሹክታ ያወራል፤ የባህል ምግባችን ሙቿ በቅቤ ርሶ ለተፈታኙ ይቀርባል። ሹመቱም ከፈተናው ይቀድማል። ሶዶ ውስጥ እኛ ሰፈር ግማሾቻችን ኢንጂነር፣ ግማሾቻችን ዶክተር ነበርን። እኔን እናቴ ዶክተር አድርጋ ሾመችኝ።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ አክስቴ ያበጠ እግሯን እየጎተተች ከቦምቤ ድረስ መጣች። ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝና "ዶክተር፣ እስቲ ይዩልኝ" አለች። አንቱ ብላኝ እኮ ነው፣ ያሳደገችኝ አክስቴ! እናቴ በኩራት ታየኛለች። ምን ልበል? የባዮሎጂ መጽሐፌን ገለጥ ገለጥ አደረግኩና ፊቴን ኮስተር አድርጌ "በሞቀ ውኃ እጠቢው፣ ብዙም አትቁሚበት" አልኳት። መርቃኝ ሄደች።

ውጤት መጣ፤ ነጥቤ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃም። በዓመቱ ከገበያው በታች ኮብልስቶን ስጠርብ አክስቴ ከባጃጅ ወርዳ ቀጥ ብላ እየተራመደች መጣች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እንዳታየኝ አንገቴን ደፋሁ።

"ዶክተር!" ብላ ተጣራች፣ ጠራቢው ሁሉ መዶሻውን አቁሞ እስኪዞር። "ይኸው፣ እግሬ በእርስዎ ዳነ!"