ከጠረጴዛችን ስር የሚያልፍ መንገድ

ሚስተር ታክዌል ግማሽ አካላቸውን በወጥ ቤታችን መስኮት አስገብተው፣ ግማሹን ውጭ እንዳንጠለጠሉ ባርኔጣቸውን አነሱና "እንደምን አደራችሁ፤ እግራችሁን ብታነሱልኝ" አሉ። አነሳን። እሳቸውም በዳዴ ከጠረጴዛው ስር ገቡ። አባቴ የእንቁላሉን አናት በማንኪያ እየሰበረ "ዛሬስ ሰማዩ ከፈት ብሏል" አለ።

"ከሰዓት ይዘንባል" አለ ከስር የመጣ ድምፅ።

መንገድ ጠባቂ የሌለው መንደር የለም። ማንም አይሾመውም፤ ስለዚህ ማንም ሊሽረው አይችልም። ለኛ ለኔዘርኮም ሰዎች የደረሱን ክቡር ሚስተር ሆራስ ታክዌል ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ፣ በሰው ግቢም ቢሆን ማንም እንዲያልፍባቸው የተፈቀዱ የአሥራ አራት የእግር መንገዶች ጠበቃ። በአሮጌው ካርታ ላይ የተሰመረውን መንገድ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዱበታል። "መንገድ ካልተረገጠ ይሞታል" ይላሉ። ሕጉ እንደዚያ ይበል አይበል የጠየቃቸው የለም። መልሱ ረጅም እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል።

ሰባተኛው መንገድ ኩሬ ውስጥ ያልፋል፤ ሱሪያቸውን ጠቅልለው በዳክዬዎች መሀል ይሻገራሉ። ዘጠነኛው የኮሎኔሉን ቴኒስ ሜዳ ለሁለት ይከፍላል። ኳስ ጀርባቸውን ሲመታቸው "ይቅርታ" ይላሉ፤ ኮሎኔሉም "ይቅርታ" ይላል፤ ጨዋታው ይቀጥላል። በአሥረኛው ላይ ለቆመው ኮርማ ባርኔጣቸውን ያነሱለታል። አንድም ቀን አልወጋቸውም። ምናልባት እሱም ረጅሙን መልስ ፈርቶ ይሆናል።

አሥራ አንደኛው የእኛ ነበር። አባቴ ወጥ ቤቱን ሲያሰፋ ካርታ አላየም። መንገዱ በመስኮቱ ይገባል፣ በቁርስ ጠረጴዛው ስር ያልፋል፣ በጓሮ በር ይወጣል።

"ሚስተር ታክዌል፣ ለምን በዋናው በር አይገቡም?" ትላቸዋለች እናቴ። "ከመስኮቱ ሁለት እርምጃ ነው እኮ።"

"በሩ መንገዱ ላይ አይደለም፣ ሚስስ ላርክም። በበር ከገባሁማ እንግዳ ሆንኩ ማለት ነው።"

"እሺ፣ ሻይ እንኳ ይጠጡ።"

"መንገድ ላይ ቆሞ ሻይ መጠጣት መንገድ መዝጋት ነው።"

እናቴ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳው እናስጠጋው ስትል፣ አባቴ "በገዛ ቤቴ ጠረጴዛዬን የት እንደማስቀምጥ ካርታ አይነግረኝም" ይላል። ደግሞም በየዓመቱ ይዝታል፦ "አንድ ዓመት ብቻ ይቅሩ። ደብዳቤ ጽፌ ከካርታው አስፍቀዋለሁ።"

እኔ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ፣ ከጠረጴዛው ግራ እግር አጠገብ አንድ የዝንጅብል ብስኩት አስቀምጥላቸው ነበር። እየሄዱ መብላት አልተከለከለም። ሳይቆሙ ያነሱታል። ስለ ብስኩቱ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ ሚስተር ታክዌል ዳሌያቸው ተሰበረ። ኩሬውም ኮርማውም ምንም አላደረጓቸው፤ የወደቁት ከገዛ ቤታቸው ደረጃ ላይ ነው። መንደሩ መንገዶቹን ተካፈለላቸው። ቄሱ ኩሬውን ወሰዱ፤ ኮሎኔሉ የራሱን ቴኒስ ሜዳ ሊያቋርጥ ቃል ገባ። አሥራ ሦስቱ ሰው አገኙ። አሥራ አንደኛውን ግን የነካው የለም፤ በሰው ቁርስ ላይ መግባት ነውር ነው።

የፋሲካ ማግስት አባቴ እጁን እያፋተገ ተቀመጠ። "ዘንድሮ እንደ ሰው ቁርስ እንበላለን" አለ። "ነገ ደብዳቤዬን እጽፋለሁ።"

ሦስት ሰዓት ሆነ። የሳቸው ሰዓት ነው። እንቁላሉ ቀዘቀዘ።

"ሮላንድ፣ እግርህን አውርድ" አለችው እናቴ አባቴን።

"አንቺስ?"

ሦስታችንም አንስተን ነበር።

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ፣ ክራቫቱን አስተካከለ፣ በበሩ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ጉልበት በመስኮቱ ብቅ አለ። ቀጥሎ አባቴ በሙሉ። "እግራችሁን" አለና ከጠረጴዛው ስር ገባ። መሀል ላይ ሲደርስ ቆመ።

"እዚህ ብስኩት አለ።"

"የመንገዱ ነው" አልኩት።

ከዚያ ሲቆረጠም ተሰማ።

ኮረብታው ጫፍ ድረስ ሄዶ መንገዱን ከጨረሰ በኋላ ሚስተር ታክዌል አልጋ ዘንድ አብረን ሄድን። የአባቴ ጉልበት ላይ ገና አቧራ ነበር።

"በመስኮቱ ነው?" አሉ ሚስተር ታክዌል።

"በመስኮቱ።"

"ጠረጴዛውን ዞርከው?"

"በስሩ ነው ያለፍኩት።"

"አልቆምክም?"

አባቴ እኔን አየኝ። "ለብስኩት ብቻ።"

ሚስተር ታክዌልም እኔን አዩኝ። ከዚያ ደብተራቸውን ገልጠው ከአሥራ አንድ ቁጥር ጎን ምልክት አደረጉ። "መቆም መንገድ መዝጋት ነው፣ ሮላንድ" አሉት። "ለዘንድሮ ይለፍህ።"

ሰኔ ላይ አባቴ መስኮቱን አፍርሶ በር አደረገው፤ የዱሮውን ዋና በር በጡብ ዘጋው። ጠረጴዛውን ግን አላነሳውም።