የመስኮት ውርርድ

(ሰፊ አዳራሽ። የገበታ ጨዋታ ወዳጆች ጉባኤ ነው። በየጠረጴዛው ላይ ካርዶች፣ ጠጠሮችና ትንንሽ የእንጨት ቤቶች ተዘርግተዋል። ፀጉር አስተካካዩና የእህቱ ባል የሆነው ልብስ ሰፊ አንድ ባዶ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው ይጨቃጨቃሉ። ሁለቱም እንዲህ ያለ ቦታ ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው።)

ልብስ ሰፊ፦ አልሰካም አልኩህ አልሰካም!

ፀጉር አስተካካይ፦ ባጅ ነው እኮ! በር ላይ የሰጡህ እንድትሰካው ነው።

ልብስ ሰፊ፦ ይሄን ኮት የሰፋሁት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ ልብሳው?

ፀጉር አስተካካይ፦ ቀኑን ሙሉ ጨርቅ በመርፌ ስትወጋ የምትውል ሰው ዛሬ አዘንክለት?

ልብስ ሰፊ፦ እዚያማ መርፌውን ክር ይከተለዋል። ይሄ ወግቶ ዝም ነው።

ፀጉር አስተካካይ፦ በቃ በእጅህ ያዘው! ብቻ ከእኔ ጋር መጥተህ አታሳፍረኝ። እኔ የዚህን ቦታ ወግ አውቃለሁ።

ልብስ ሰፊ፦ መጥተህ ታውቃለህ እንዴ?

ፀጉር አስተካካይ፦ እኔ ባልመጣም ፀጉራቸውን የቆረጥኩላቸው መጥተዋል። ሰው እኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ የማያወራው ነገር የለም። ይልቅ ውላችንን ድገምልኝ።

ልብስ ሰፊ፦ የቱን ውል?

ፀጉር አስተካካይ፦ ኤዲያ! የመስኮቱን ነዋ! አንድ ክፍል ተከራይተን፣ በአንድ መስኮት ስንጨቃጨቅ የኖርነውን!

ልብስ ሰፊ፦ እ፣ እሱን። እኔ መርፌ ላይ ክር ለመሰካት ብርሃን እፈልጋለሁ። አንተ ደግሞ መንገደኛ እንዲያይህ ትፈልጋለህ።

ፀጉር አስተካካይ፦ እኔን ሳይሆን ሥራዬን እንዲያይ ነው። በል ስማ፣ ሁለታችንም ተጫውተነው የማናውቀውን ጨዋታ እንጫወታለን። የተሸነፈ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ይገባል። ይሄን ያለው ማነው?

ልብስ ሰፊ፦ አንተ።

ፀጉር አስተካካይ፦ በእህቴ ፊት የማለውስ?

ልብስ ሰፊ፦ ሁለታችንም። አንተ ትንሽ ጮክ ብለህ።

ፀጉር አስተካካይ፦ ጥሩ። በኋላ አታለልከኝ እንዳትል ምርጫውን ላንተ ትቼዋለሁ።

ልብስ ሰፊ፦ (ሳያመነታ ከመደርደሪያው ሰማያዊ ሣጥን ያነሳል) ይሄን።

ፀጉር አስተካካይ፦ ለምን እሱን?

ልብስ ሰፊ፦ ቀለሙ ያምራል።

ፀጉር አስተካካይ፦ (ሳቁን እያፈነ) ጉድ እኮ ነው! እንደ ገበር ጨርቅ በቀለም መረጠው!

(ተቀምጠው ሣጥኑን ይከፍታሉ። ገበታው ላይ ባሕር ተስሏል። በግራና በቀኝ ሁለት የመብራት ማማዎች፣ ከማማዎቹ ሥር አለት፣ መሃል ላይ አንዲት የእንጨት መርከብ፣ ከመርከቧ ማዶ ትንሽ ወደብ።)

ልብስ ሰፊ፦ መመሪያውን ከመጀመሪያው አንብብልኝ። መነጽሬን ሱቅ ረሳሁት።

ፀጉር አስተካካይ፦ የመጀመሪያው ገጽ መግቢያ ነው። መግቢያ የሚጻፈው ለማያውቅ ሰው ነው። (ይዘለዋል) እህ... «እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ማማ ይጠብቃል። ካርድ ስቦ መብራት የደረሰው በፈለገው ማማ ላይ ያበራል። ጭጋግ የደረሰው በፈለገው ቦታ ያስቀምጣል። መርከቧ ብርሃን ወደበዛበት ትሄዳለች።» ገባህ?

ልብስ ሰፊ፦ መርከቧ ለምን አንድ ሆነች?

ፀጉር አስተካካይ፦ ምን?

ልብስ ሰፊ፦ ተጫዋቹ ሁለት ነው። መርከቧ ለምን አንድ ሆነች?

ፀጉር አስተካካይ፦ ሱቃችን ስንት መስኮት አለው?

ልብስ ሰፊ፦ አንድ።

ፀጉር አስተካካይ፦ ስንት ሰው ይፈልገዋል?

ልብስ ሰፊ፦ ሁለት።

ፀጉር አስተካካይ፦ መርከቧም እንደዚያው ናት። ሳብ ካርድህን!

ልብስ ሰፊ፦ (ይስባል) መብራት ደረሰኝ። ያንተ ማማ ጨለማ ነው፣ እንካ ላብራልህ።

ፀጉር አስተካካይ፦ ለእኔ?

ልብስ ሰፊ፦ ጨለማ ነዋ።

ፀጉር አስተካካይ፦ (ወደ ጎን) ወይ እህቴ፣ ምን ዓይነቱን ነው ያገባሽው! (ጮክ ብሎ) እግዜር ይስጥልኝ አማቼ። (ይስባል) እኔም መብራት! ለራሴ።

ልብስ ሰፊ፦ የእኔ ማማስ?

ፀጉር አስተካካይ፦ ለጊዜው ዓይኑን ጨፍኖ ይረፍ።

ልብስ ሰፊ፦ መርከቧ ወዳንተ አለት እየተጠጋች ነው እኮ።

ፀጉር አስተካካይ፦ ብርሃን ያለበትን ታውቃለቻ! ደንበኛም እንደዚሁ ነው።

ልብስ ሰፊ፦ (ይስባል) ሌላ መብራት። ይሄንን እኔ ጋ ባበራው እኮ መሃል ለመሃል ትሄዳለች።

ፀጉር አስተካካይ፦ (እየሳበ) መሃል መሃሉን የፈራ ይሂድ! አሃ፣ ጭጋግ! ያንተ ማማ ላይ! ብታበራውም አይታይ።

ልብስ ሰፊ፦ አማቼ፣ እስቲ ያንን መግቢያ...

ፀጉር አስተካካይ፦ መግቢያ የለም፣ መውጫ ነው የቀረህ! (መርከቧን እየገፋ አለቱ ላይ ያወጣታል፤ ብድግ ይላል) ደረሰች! ሰዎች፣ ምስክር ሁኑኝ! መስኮቱ የእኔ ነው!

(ቢጫ ሰደርያ የለበሰች አስተናጋጅ ትመጣለች።)

አስተናጋጅ፦ ምነው በሰላም ነው አባቶቼ?

ፀጉር አስተካካይ፦ አሸነፍኩ።

አስተናጋጅ፦ ማንን?

ፀጉር አስተካካይ፦ ይሄን ነዋ!

አስተናጋጅ፦ (ገበታውን አይታ) እሳቸውን እንዴት ያሸንፋሉ? አንድ ወገን እኮ ናችሁ። ሁለት ሰው ተረዳድቶ አንዲት መርከብ ወደብ የሚያስገባበት ጨዋታ ነው። ከገባች ሁለታችሁም ታሸንፋላችሁ፣ ከተሰበረች ሁለታችሁም ትሸነፋላችሁ። መግቢያው ላይ ተጽፏል።

ፀጉር አስተካካይ፦ (ቀስ ብሎ ይቀመጣል) ሁለታችንም?

አስተናጋጅ፦ አይዟችሁ፣ ጀማሪ ሁሉ ይሰብራታል። (ልብስ ሰፊው በእጁ የያዘውን ባጅ አንብባ) ውይ፣ እርስዎ ኖት! ባለቤትዎን ሰላም ይበሉልኝ፤ ሰደርያው ልክክ ብሎልኛል። (ትሄዳለች)

ፀጉር አስተካካይ፦ እህቴን ከየት አወቀቻት?

ልብስ ሰፊ፦ የአስተናጋጆቹን ሰደርያ ማን ሰፋውና! ልትለካቸው የመጣች ዕለት ይሄን ጨዋታ አጫወቷት። «ሰማያዊውን ሣጥን አንሳ» ያለችኝ እሷ ናት።

ፀጉር አስተካካይ፦ ቀለሙ ያምራል አላልክም?

ልብስ ሰፊ፦ አያምርም?

ፀጉር አስተካካይ፦ በቃ፣ ውሉ ፈርሷል። ሌላ ጨዋታ አምጣ።

ልብስ ሰፊ፦ የት ፈርሶ? የተሸነፈ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ይገባል ብለህ ማልክ። ሁለታችንም ተሸነፍን፣ ሁለታችንም እንገባለን።

ፀጉር አስተካካይ፦ መስኮቱስ? ባዶውን ሊውል?

ልብስ ሰፊ፦ እህትህ የስፌት መኪናዋን ታመጣለች። ቤት ተዘግታ መስፋት ሰልችቷታል።

ፀጉር አስተካካይ፦ አንተ! አውቀህ ነው የተሸነፍከው!

ልብስ ሰፊ፦ ኧረ በጭራሽ! «አንተ ከልብህ ተጫወት፣ ወንድሜ እንደ ልማዱ ይጫወት» ነው ያለችኝ። እኔማ የመጀመሪያ መብራቴን እንኳ ላንተ ሰጠሁህ።

ፀጉር አስተካካይ፦ ብናሸንፍ ኖሮስ?

ልብስ ሰፊ፦ መስኮቱን በሜትር ለክታዋለች። ያንን ማንም የማይቀመጥበትን ትርፍ ወንበርህን ብታነሳው ለሁለታችንም ይበቃን ነበር።



ፀጉር አስተካካይ፦ ታዲያ አንተ ሰው፣ ለምን ቀድመህ አትነግረኝም!

ልብስ ሰፊ፦ መርከቧ ለምን አንድ ሆነች አላልኩህም? ከመጀመሪያው አንብብ አላልኩህም?

(ፀጉር አስተካካዩ መመሪያውን አንስቶ፣ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ የመጀመሪያውን ገጽ በለሆሳስ ማንበብ ይጀምራል።)

ልብስ ሰፊ፦ ጎሽ አማቼ፣ ሳትቸኩል አንብብ። ከነገ ጀምሮ እንዲህ ያለ ብርሃን አናገኝም።