ሁለት መቶ አሥራ ሦስተኛዋ ፉዚያ

ከተማ ያለ ከንቲባ ይከርማል፤ ያለ ተራ አስከባሪ ግን አንድ ቀን አያድርም። ማንም አልሾመውም፣ ማንም አይከፍለውም። ነገር ግን በቦኖው፣ በወፍጮ ቤቱ፣ በባንኩ በር ላይ ጣቱን ቀስሮ «አንተ፣ ከእሷ በኋላ ነህ!» ሲል ታገኙታላችሁ። የነገሌ ቦረና ሕዝብ ይህን ማዕረግ ለክቡር መምህር ገብረወልድ ከሰጠ ቆይቷል። በማዕረጉ ደግሞ ከፉዚያ በላይ የተቃጠለ ሰው የለም።

ፉዚያ ከመምህሩ ቤት ፊት ለፊት ሱቅ አላት። ስኳር፣ ገመድ፣ ጀሪካን ትሸጣለች፤ ምክር በነፃ ትመርቃለች። መምህሩ ዕድሜ ልካቸውን ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ ሲወጡ ካሜራ ገዙ። እዚህ ድረስ ደግ ነው። ነገሩ የተበላሸው ፎቶ የሚሸጥበት አንድ የውጭ አገር ድረ ገጽ ያገኙ ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ በነገሌ «አትነቃነቁ! ዓለም እያያችሁ ነው!» ሳይባሉ መንገድ መሻገር ቀረ።

ዓለም ግን ለማየት ያን ያህል አልቸኮለም። መምህሩ በመጀመሪያው የገበያ ቀን ብቻ መቶ ፎቶ አነሱ፤ ድረ ገጹ በሳምንት የሚቀበላቸው አሥር ብቻ ነው።

«ኮታ ነው» ብለው አስረዷት።

«የስኳር ኮታ አውቃለሁ፣ የዘይትም አውቃለሁ» አለች ፉዚያ። «ደግሞ የመልክ ኮታ መጣ? ያ ረቢ!»

ሌላ ሰው ቢሆን ደህና ደህናውን መርጦ ይልክ ነበር። መምህር ገብረወልድ ግን ዱብሉቅ አሥራ አንድ ዓመት አስተምረዋል። እዚያ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ አፍ ላይ ስንት መንጋ በጥም እየጮኸ፣ አባ ሄሬጋ የሚባለው የውሃው ተራ ጠባቂ በአንዲት በትር ሁሉንም በየተራው ሲያስጠጣ አይተው ልባቸው እዚያው ቀርቷል። ስለዚህ ወፍራም ደብተር ገዙ። የተነሳው ሁሉ፣ ሰው አይል ፍየል አይል፣ በተነሳበት ቅደም ተከተል ተመዘገበ። ፉዚያ በዒድ ቀሚሷ የተነሳችው ሁለት መቶ አሥራ ሦስተኛ ሆነ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛው የዓብዱልሀኪም አህያ ነበር።

ይህ አህያ ሆዷን አሳረራት። ባለቤቱን ጠርታ በሁለት ኪሎ ስኳር ተራ ሊለዋወጡ ተስማሙ፤ ዓብዱልሀኪም አህያው ቅሬታ እንደሌለው በወላሂ አረጋገጠ። መምህሩ ይህን ሲሰሙ ደብተሩን ደረታቸው ላይ ለጥፈው «ተራ እንደ እርዳታ ዘይት ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም!» አሉ። የቀበሌው ሹም ኦላና እንኳ «አካም መምህር፣ ናጋ? የኔን ፎቶ ለነገ ብታደርጓት…» ብሎ ቢመጣ፣ «ጉድጓዱ ላይ ሹም የለም፤ ተረኛ ብቻ ነው» ተብሎ በመጣበት እግሩ ተመልሷል።

ክፋቱ፣ ድረ ገጹ የማይፈልገው ፎቶ በበዛ ቁጥር ኮታው ይቀንሳል። ከመጀመሪያዎቹ መቶ ፎቶዎች ሰማንያው ግመል ነበር። «ተመሳሳይ ግመል በቂ አለን» የሚል መልስ መጣ። ከተማው ተቆጣ። «ግመል በቃኝ የሚል ማነው እሱ?» ተባለ። ቁጣው ግን አልረዳም፤ አሥሩ አምስት፣ አምስቱ ሁለት ሆነ። አህያውም ሄዶ በተመለሰ ማግስት አንድ ብቻ ቀረ፤ ከማስጠንቀቂያ ጋር። ይህም ከተመለሰ ለስድስት ወር ምንም መላክ አይቻልም።

መምህሩ ላፕቶፓቸውን የፉዚያ ባንኮኒ ላይ አስቀምጠው ሁለት ፎቶ አሳዩዋት። አንደኛው በደብተሩ አራት መቶ ሁለተኛ ነው። ኳስ ሜዳው መሐል አቧራ እንደ ምሰሶ ቆሞ ይሽከረከራል፤ ተጫዋቹ ሁሉ ሸሽቷል፤ በረኛው ብቻ ጎሌን አልለቅም ብሎ ቆሟል። ያየ ሁሉ አፉን የሚይዝበት ፎቶ ነው። ሁለተኛው የእሷ ነው። በካሜራው ትንሽ መስኮት አልታየም ነበር፤ አሁን ሲሰፋ ግን ሁለቱም ዓይኖቿ ጭፍን ብለዋል።

«ውይ! እንደገና ያንሱኝ።»

«አነሳሻለሁ። ግን አራት መቶ አሥራ ሰባተኛ ትሆኛለሽ።»

ፉዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀሚሷን ትታ ስለ ሰውዬው አሰበች። ጡረታቸውን በካሜራ ጨርሰው እስከ ዛሬ አንድ ፎቶ እንኳ አልተሸጠላቸውም። ይሄ በረኛ ግን ይሸጣል፤ ይህን ለማወቅ ነጋዴ መሆን አያስፈልግም።

«መምህር፣ አንቱ የበረኛውን ይላኩ። እኔ ተራዬን ትቻለሁ።»

«አንቺ ብትተዪ ተረኛው ፀጉር አስተካካዩ ዮሴፍ ነው እንጂ በረኛው አይደለም።»

«ዮሴፍን እኔ አናግረዋለሁ።»

«ከዮሴፍ ቀጥሎ ሁለት ፍየሎች አሉ። ፍየሎቹን ማን ያናግርልሻል?»

መምህሩ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ዓመት ሙሉ የቆመ ሰው፣ ተራው ሲደርስ ዞር በል አይባልም» ብለው የእሷን ፎቶ ላኩ።

በአራተኛው ቀን ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። «ዓይኗ ተጨፍኗል አሉ» አሏት።

ፉዚያ ልትስቅ አፏን ስትከፍት ዕንባዋ ቀደማት። ዕድሜዋን ሙሉ ለስኳር፣ ለዘይት፣ ለነዳጅ ተሰልፋለች፤ ሁሌም ስልክ የተደወለለት ሰው ይቀድማታል። «ተራዋ ነው» ብሎ ለእሷ ሲል የከሰረ ግን ይህ አናዳጅ ሽማግሌ ብቻ ነው። ያን ዕለት እንደ አባቷ ወደደቻቸው። ደብተሩን ተቀብላ ራሷን በገዛ እጇ አራት መቶ አሥራ ሰባተኛ ብላ መዘገበች።

ያ የተመለሰው ፎቶ ዛሬ በመስታወት ተገጥሞ ከሚዛኑ በላይ ተሰቅሏል። እንግዳ ገዢ ከሰልፉ አፈትልኮ ባንኮኒው ላይ ይደገፍና «ምነው ዓይንሽን ጨፈንሽ?» ይላታል።

«ዓይኑን ተወው፤ ተራዬ ደርሶ የተላከ ፎቶ ነው» ትላለች ፉዚያ ስኳር እየመዘነች። ከዚያ ጣቷን ትቀስራለች።

«ደግሞ አንተ፣ ከእሷ በኋላ ነህ!»